ኤዩአር ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር ፓኬጅ ለምትይዙ

አርች ሊኑክስ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር ፓኬጅ ይዛችሁ ከሆነ ወይ ደግሞ ባለቤት ያጣ ኤዩአር (ተጠቃሚዎች ራሳቸው ፓኬጅ የሚያስቀምጡበት የአርች ማከማቻ) ላይ አግኝታችሁ ልትረከቡት ካሰባችሁ ይሄን አንብቡት። የሙዚቃ ማጫወቻ ፓኬጅ ቢበላሽ ሰውየው ይናደድና ማስተካከያውን አውርዶ ይጭናል፣ ዲኤንኤስ ሲበላሽ ግን ማስተካከያውን የሚያወርድበት መንገድ አብሮ ነው የሚዘጋው፣ ስሙን ወደ አይፒ የሚቀይርለት የለማ። ስለዚህ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀው አፕዴት ያደረገው ሰው ማሽን ስራውን ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

ፓኬጁን ስትረከቡ መጀመሪያ የድሮውን ፒኬጂቢልድ (ፓኬጁ እንዴት እንደሚሰራ የሚናገረውን ስክሪፕት) ከላይ እስከታች አንብቡት፣ ሶርሱ የሚወርደው ከራሱ ከፕሮጀክቱ ሳይት ነው ወይስ ከማይታወቅ ቦታ? ፓች ካለ ምን ይሰራል? የኢንስቶል ስክሪፕቱስ? እንዲህ የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ በ2018 ጁላይ ላይ አንድ ሰው ባለቤት ያጡ የኤዩአር ፓኬጆችን ተረክቦ ከውጭ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ ኮድ ከቶባቸው ተገኝቷል። ያልገባችሁን መስመር በስማችሁ አትልቀቁ።

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ፒኬጂቨርን (የሶፍትዌሩን ቨርዥን) ትቀይራላችሁ፣ ፒኬጂሬልን (የፓኬጁን የቢልድ ቁጥር) ወደ 1 ትመልሳላችሁ፣ ሃሹን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ) ታድሳላችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ ሃሹን የሚያድሰው ቱል የሚያደርገው አሁን ያወረዳችሁትን ፋይል ማስላት ብቻ ነው፣ ፋይሉ በመንገድ ላይ ተቀይሮ ከሆነ የተቀየረውን ሃሽ ነው በታማኝነት የሚጽፍላችሁ። የታወቁት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች፣ ባይንድ በሉት አንባውንድ በሉት ኖት፣ ሪሊዛቸውን በፒጂፒ ይፈርማሉ፣ ስለዚህ የፊርማ ፋይሉን ሶርስ ውስጥ ጨምሩና የፈራሚውን ቁልፍ ሙሉ ፊንገርፕሪንት ቫሊድፒጂፒኪስ (የምታምኗቸው ቁልፎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት፣ አጭሩን አይዲ ሳይሆን 40ውንም ፊደልና ቁጥር። ከዛ ዶት ኤስአርሲኢንፎን (ኤዩአር የፓኬጁን መረጃ የሚያነብበትን ፋይል) እንደገና አመንጩ፣ እሱን ከረሳችሁ ኤዩአር የሚያሳየው አሮጌውን ቨርዥን ስለሆነ ማንም አፕዴት እንዳለ አያውቅም።

ቢልዱን በራሳችሁ ማሽን ላይ ብቻ ሰርታችሁ አታምኑት፣ የዴቭቱልስን ንጹህ ክሩት (ከማሽናችሁ የተለየ ባዶ የቢልድ ቦታ) ተጠቀሙ። የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ኮንፊገር ሲደረጉ ሲስተሙ ላይ ያገኙትን ላይብረሪ አይተው ፊቸር የሚያበሩበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ ኤንጂኤችቲቲፒ2 ካገኘ ዲኤንኤስ በኤችቲቲፒኤስን ያበራል፣ ፕሮቶቡፍ-ሲ ካገኘ ዲኤንኤስታፕን፣ እናንተ ጋ ስላለ ይሰራል ሌላው ሰው ጋ ግን የለም፣ ወይ ደግሞ ዛሬ ኖሮ ነገ ሲያጠፋው ሰርቨሩ አልነሳም ይላል። የምትፈልጉትን ፊቸር በግልጽ አብሩ፣ የማትፈልጉትን በግልጽ አጥፉ፣ ላይብረሪውን ዲፔንድስ ውስጥ ጻፉ፣ በቃ። ላይብረሪ ሶኔም (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚፈልጉበትን ቨርዥን ያለበት ስም) ሲቀይር ደግሞ፣ ኦፕንኤስኤስኤል ከ1.1 ወደ 3 ሲሄድ እንደሆነው፣ ፒኬጂሬልን በአንድ ጨምሩ ሰው እንደገና ቢልድ እንዲያደርግ።

አሁን ወደ ኮንፊጉ። ኮንፊግ ፋይሉ ፒኬጂቢልዱ ባካፕ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ፓክማን (የአርች ፓኬጅ ጫኚ) አዲሱን ይጭንበታል፣ የሰውየው ዞኖች፣ ፎርዋርደሮች፣ አክሰስ ሊስት ሁሉ ሄደ ማለት ነው። ካለ ግን የተነካውን ፋይል ትቶ አዲሱን ዶት ፓክኒው ብሎ ጎኑ ያስቀምጠዋል። ሰርቨሩ በሩት ዩዘር አይሩጥ፣ በሲስዩዘርስ የራሱን ዩዘር ፍጠሩለትና ፖርት 53ን እንዲይዝ ኔት ባይንድ ሰርቪስ የሚባለውን ኬፓቢሊቲ በሲስተምዲ ዩኒቱ ስጡት። የሩት ዞን (የዲኤንኤስ የላይኛው ጫፍ) ዲኤንኤስሴክ ቁልፉን፣ ማለትም የዲኤንኤስ መልስ ፊርማ የሚረጋገጥበትን ቁልፍ፣ ፓኬጁ ውስጥ ኮፒ አድርጋችሁ አትክተቱ፣ ዲኤንኤስሴክ-አንከርስ የሚባል ፓኬጅ ስላለ በሱ ላይ ተደገፉ። ቁልፉ ይቀየራላ፣ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 11 ቀን 2018 አንዴ ተቀይሯል፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ የሚቀጥለው ቁልፍ ሩት ዞን ውስጥ ገብቷል፣ ያረጀ ቁልፍ የያዘ ቫሊዴተር (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰርቨር) ቁልፉ የሚቀየርበት ቀን ሲመጣ ሁሉንም ጥያቄ ሰርቭፌል (አልተሳካም የሚል መልስ) ብሎ ነው የሚመልሰው። ሰርቨሩ ቁልፉን ራሱ የሚያድስ ከሆነ ፋይሉ ቫር ሊብ ስር እሱ ሊጽፍበት በሚችል ፎልደር ይሁን፣ ኢቲሲን ግን እንዲጽፍበት አትክፈቱለት።

ሌላ ዲኤንኤስ ሰርቨር ስላለ ብቻ ኮንፍሊክትስ (አብረው መጫን የማይችሉ ፓኬጆች ዝርዝር) ውስጥ አትጻፉት፣ ሁለት ሰርቨር በተለያየ አድራሻ አብሮ መሮጥ ይችላል፣ የሚጋጩት አንድ አይነት ፋይል ሲጭኑ ነው። ሲስተምዲ-ሪዞልቭድም (የሲስተምዲ የራሱ የዲኤንኤስ ሰርቪስ) 127.0.0.53 ላይ ፖርት 53ን ይዞ ስለሚጠብቅ የናንተ ሰርቨር ሁሉንም አድራሻ ልያዝ ካለ አድራሻው ተይዟል ብሎ ይወድቃል፣ መፍትሄው ግን በኢንስቶል ስክሪፕት ሪዞልቭድን ማጥፋት አይደለም፣ የሰው ማሽን ነው፣ ዲፎልት ኮንፊጉን 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርጉትና የቀረውን ለባለቤቱ ተዉለት።

ቴስቱ ላይ አትቸኩሉ። በሲስተምዲ-ኤንስፖን አንድ ኮንቴነር አንሱ፣ አሮጌውን ቨርዥን ጫኑ፣ ኮንፊጉን ሰው እንደሚነካው ነካ ነካ አድርጉት፣ አንድ ዞን ጨምሩ፣ ሰርቪሱን አስነሱ፣ ከዛ አዲሱን በላዩ ላይ ጫኑበት። ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የሰርቨሩን የራሱን ኮንፊግ ቼከር አስኪዱ፣ የተሰረዘ ኦፕሽን ካለ እዛው ይነግራችኋል፣ ይሄን ያገኘ ሰው ለተጠቃሚው በፖስት አፕግሬድ መልእክት ቀድሞ ይንገረው። ከሪስታርት በኋላ በዲግ (የዲኤንኤስ መጠየቂያ ቱል) ጠይቁ፣ በዩዲፒም በቲሲፒም፣ ትልቅ መልስ ዩዲፒ ላይ ሲቆረጥ በቲሲፒ ነው የሚመጣው፣ እና ዩዲፒው ስለሰራ ብቻ ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይቻልም። ሪዞልቨር (ለተጠቃሚ ስም ፈልጎ የሚያመጣ ሰርቨር) ከሆነ ፊርማ ያለው ዶሜን ስትጠይቁት ኤዲ ፍላግ (ፊርማው ተረጋግጧል የሚል ምልክት) መታየት አለበት፣ ዲኤንኤስሴክ-ፌይልድ ዶት ኦርግ የሚባለው ሆን ተብሎ የተበላሸ ዶሜን ደግሞ ሰርቭፌል መስጠት አለበት። እሱ አይፒ ከመለሰላችሁ ቫሊዴሽኑ ጠፍቷል ማለት ነው፣ አትልቀቁት።

ሴኩሪቲ ላይ የፕሮጀክቱን አናውንስመንት ሊስት ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ተጠቃሚ አውት ኦፍ ዴት ብሎ ፍላግ እስኪያደርግባችሁ አትጠብቁ። በ2024 ፌብሯሪ ኪትራፕ የሚባለው የዲኤንኤስሴክ ክፍተት ሲወጣ ባይንድም አንባውንድም ፓወርዲኤንኤስ ሪከርሰርም ኖት ሪዞልቨርም በአንድ ጊዜ ነበር የተነኩት፣ ሆን ተብሎ የተሰራ አንድ መልስ ብቻ የሪዞልቨሩን ሲፒዩ ለረጅም ጊዜ ይይዘው ነበር። እንዲህ ሲሆን ፓች የተደረገውን ቨርዥን በዛው ቀን ለማውጣት ሞክሩ፣ ሌላ ማሻሻያ አትቀላቅሉበት። ደግሞ አርች ላይ ፓኬጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪስን በራሱ ሪስታርት ስለማያደርግ ሰውየው አፕዴት አድርጎም ሜሞሪ ውስጥ ያለው አሮጌው ፕሮሰስ እንደተጋለጠ ነው የሚቀጥለው፣ ስለዚህ ሪስታርት አድርጉ የሚለውን መልእክት በአንድ አጭር መስመር አስገቡለት።

እናንተ ለተወሰነ ጊዜ የማትኖሩ ከሆነ ኮሜንቴነር (ፓኬጁን አብሯችሁ የሚይዝ ሰው) ቀድማችሁ ጨምሩ፣ እንዴት ቴስት እንደምታደርጉም ፒኬጂቢልዱ ባለበት ሪፖ ውስጥ ጽፋችሁ አስቀምጡለት። ጭራሽ ካልቻላችሁም ፓኬጁን በስማችሁ ይዛችሁ ከምታስረጁት፣ ስራውን የምታውቁት ሰው ፈልጋችሁ አስረክቡት።