ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፦ የስፕሪንክለር ስታንዳርዱ የቱ ነው?

ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ለሚገባበት ሕንጻ ፕላን ከማስጀመርዎ በፊት ቦታው በየትኛው ከተማ ሥር እንዳለ ይለዩ። አያት የአዲስ አበባ ነው፤ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ ግን ሸገር ከተማ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ይለያያልና የሚቀበሉትን ስታንዳርድ በጽሑፍ ይጠይቁ። በሥራ ላይ በብዛት የሚነሱት ሁለት ናቸው፦ የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ እና የአውሮፓው ኢኤን 12845።

በኤንኤፍፒኤ መንገድ ከሄዱ ወለል ይቁጠሩ። ከኤንኤፍፒኤ ስታንዳርዶች 13 ዲ ለቪላ ነው፤ እሱን ይለፉት። 13 አር ከአራት ወለልና ከ18 ሜትር ለማይበልጥ መኖሪያ ሕንጻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ምድሩም ወለል ነው። ጂ+3 አራት ወለል፣ ጂ+4 ደግሞ አምስት ነው። ስለዚህ ጂ+4 አንድም ሱቅ ባይኖረው እንኳ 13 አር አይሆነውም።

ጂ+3 ሆኖ ምድሩ በሙሉ ሱቅ ከሆነስ? ሕንጻውን በሙሉ በዋናው ስታንዳርድ፣ በኤንኤፍፒኤ 13 ይሥሩት። ሁለቱን እንደ ተለያዩ ሕንጻዎች የሚያስቆጥረው ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚወጣ የእሳት ግድግዳ ነው፤ ሱቁን ከመኖሪያው የሚለየው ሶሌታ የቱንም ያህል ቢወፍር የወለል ቆጠራውን አይቀንስም። ደግነቱ 13 ራሱ በአፓርትመንቶቹ ውስጥ የመኖሪያ ስፕሪንክለር ይፈቅዳል፦ የአራት ራስ (ውሃ የሚረጨው ጫፍ) ስሌት፣ በደቂቃ 4.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በየካሬ ሜትሩ 4.1 ሊትር ውሃ።

ሰው 13 አርን የሚመኘው በውሃው ምክንያት ነው። አራት ራስ፣ 30 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 6 ሜትር ኩብ አካባቢ ይበቃል፤ አንድ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይይዘዋል። ሱቅ ግን በ13 የእሳት አደጋ ደረጃው «ተራ አደጋ ምድብ 2» ነው፦ በደቂቃ 8.1 ሚሊ ሜትር በ139 ካሬ ሜትር ላይ፣ ማለትም በደቂቃ 1,126 ሊትር፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ በደቂቃ 950 ሊትር ይጨመርበታል። ለ60 ደቂቃ 125 ሜትር ኩብ፣ ማንቂያው ከውጭ ክትትል ካልተገናኘ ለ90 ደቂቃ 187 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። የሱቁንና የመኖሪያውን ፍላጎት አይደምሩ፤ ትልቁ ይወስናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩን ለቤት ፍጆታ ካጋሩት፣ የቤቱ መውጫ ቧንቧ ከእሳት ክምችቱ በላይ ይሁን። አለዚያ በደረቁ ቀናት የሚያልቀው የእሳቱ ውሃ ነው።

በኢኤን 12845 የገበያ ማዕከል ተራ አደጋ ምድብ 3 ነው፦ በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር በ216 ካሬ ሜትር ላይ፣ ለ60 ደቂቃ፣ ከ65 ሜትር ኩብ ጀምሮ። ቁጥሩ ስላነሰ ታንከሩን ከኢኤን፣ የራሶቹን 4.6 ሜትር ርቀት ከኤንኤፍፒኤ የሚወስድ ዲዛይነር አይጠፋም። ኢኤን በተለመደው አደራደር 4 ሜትር ነው የሚለው። የአንዱን ከያዙ እስከ መጨረሻው የአንዱን ይያዙ።

የእትሙ ዓመትም ይጻፍ። መኪና ማቆሚያ በኤንኤፍፒኤ 13 ምድብ 1 ነበር፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) እትም ወዲህ ምድብ 2 ሆኗል። ቤዝመንት ካለዎት ይህ ፓምፑን ይነካል።

በመጀመሪያው የፕላን ገጽ ላይ ስታንዳርዱን፣ እትሙን፣ የየወለሉን ምድብና በሱቁ ውስጥ ዕቃ የሚደረደርበትን ከፍታ ያስፍሩ። ከፍታው በኪራይ ውሉም ላይ ይግባ፤ ልብስ ቤት ተብሎ የተከራየ ሱቅ የስፖንጅ ፍራሽ ከ1.5 ሜትር በላይ ከከመረበት የምድብ 2 ስሌት አይሸፍነውም።