ተጎትቶ የተወለደ ጥጃ ሲደክም፦ ችግርና መፍትሄ

ጤነኛ ጥጃ በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ በደረቱ ይቀመጣል፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይቆማል፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይጠባል። ከዚህ በጣም የዘገየውን «ምጡ አድክሞት ነው፣ ይነሳል» ብላችሁ አትለፉት። አፍና አፍንጫውን ከልጋግ ማጽዳት እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁና ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ልቡ ይመታል፣ አይተነፍስም

ምክንያት፦ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ሲቆይ እትብቱ ተጨምቆ አየር አጥሮታል።

መፍትሄ፦ በደረቱ አስቀምጡትና የኋላ እግሮቹን በግራና በቀኝ ወደ ፊት ሳቡለት፤ ሁለቱም ሳንባዎች እኩል የሚከፈቱት እንዲህ ሲቀመጥ ነው። ንጹህ ጭድ በአፍንጫው ቀዳዳ አስገብታችሁ ነካኩት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ውስጥ ጠብ አድርጉ፣ ጎኑን በደረቅ ጆንያ በኃይል እሹት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ አፉንና አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ዘግታችሁ በሌላው ቀስ ብላችሁ ንፉበት።

አትስቀሉት። አንድ ግቢ ስደርስ ጎረምሶች ጥጃውን በኋላ እግሮቹ የብረት በር ላይ ሰቅለው ያወዛውዙት ነበር። «ዶክተር፣ ውሃው እኮ እየወጣለት ነው» አለኝ አንደኛው። «ነፍሱም አብራ እየወጣች ነው፣ አውርዱት!» አልኩት። የሚወርደው ፈሳሽ በአብዛኛው የሆዱ ነው፤ ሆድ ዕቃው ደግሞ ሳንባውን ተጭኖ መተንፈሱን ያከብድበታል።

ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ አይጠባም

እኔን ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ይህ ነው። ሰው ትንፋሹን አይቶ «ተረፈ» ይልና ሊተኛ ይሄዳል፤ ጠዋት ጥጃው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ይገኛል።

ምልክት፦ ንጹህ ጣት አፉ ውስጥ ስታስገቡ ብርቱው ጥጃ ይስባችኋል፤ ደካማው ያላምጣል ወይም ዝም ይላል። ምላሱ አብጦ ሊንጠለጠል ይችላል፤ እብጠቱ በራሱ ጊዜ ስለሚቀንስ አይበጣም፣ አይተኮስም። በፊንጢጣ ሲለካ ሙቀቱ ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ መሆን ሲገባው ከ37.5 በታች ይወርዳል። ቴርሞሜትር ሳይኖራችሁ የውጭ ዝርያ ላም አታርቡ።

ምክንያት፦ ረጅም ምጥ ደሙን አሲዳም ያደርገዋል። ደሙ አሲዳም የሆነ ጥጃ ይፈዝዛል፣ አይጠባም፤ ካልጠባ አይሞቅም፤ ካልሞቀ ደግሞ ጭራሽ አይጠባም። «አዳማ ሞቃት ናት፣ ጥጃ አይበርደውም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች ኮረብታው ላይ የተተከሉት ለጌጥ መሰላችሁ? በኅዳር ሌሊት በዚያ ነፋስ መሐል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ እርጥብ ሆኖ ማደርን አስቡት።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ አድርቁት፤ የልጃችሁ የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ ግሩም መሣሪያ ነው። ወፍራም ጭድ አንጥፉለት። ሙቅ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኑ ደርድሩ፤ ያለ ጨርቅ ቆዳውን ያቃጥላሉ።

ከዚያ እንገር። ጥጃ የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። 35 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 3 ሊትር ተኩል ያህል፣ ቢቻል በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ6። «የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ አትታለብም» የሚለውን ነገር እርሱት። እንገሩን አብስሎ መብላት የሚወድ ቤተሰብም ከጥጃው የተረፈውን ይብላ።

የማይስብ ጥጃ አይጋትም! አንዲት እናት በጠርሙስ ግተውት «ልጄ፣ ጠግቦ ነው የተኛው» አሉኝ። ደረቱን ሳዳምጥ ይንኮራኮራል፤ እንገሩ የገባው ሳንባው ውስጥ ነበር። አልተረፈም።

ለዚህ የሚሆነው ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የጥጃ መመገቢያ ቱቦ ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጦ የጠበቀኝ ሰው አለ፤ ጉሮሮ የሚቀድ ነገር! ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ፊት እግሩ ክርን ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ጫፉን በእንገር አርጥቡ፣ በአፉ በኩል እየዋጠው ቀስ ብሎ ይግባ። አንገቱን ስትዳስሱ ሁለት ነገር መለየት አለባችሁ፤ አንዱ ቀለበት ቀለበት ያለው የአየር ቧንቧ፣ ሁለተኛው ቱቦው። ሁለቱን ካልለያችሁ ወይም ጥጃው ካሳለ አውጡት። ስታወጡም ቱቦውን ቆንጥጣችሁ ያዙ፣ ጠብታ እንዳይቀር።

ሞቆና እንገር አግኝቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ጣት ካልሳበ ባይካርቦኔትና ጉሉኮስ በደም ሥር ያስፈልገዋል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትውጉ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ሰውነቱ ቢጫ ተቀብቶ ከተወለደ ማህፀን ውስጥ ተጨንቆ ተጸዳድቷልና ከላይ ያለውን ሁሉ ቶሎ ጀምሩ። ሲተነፍስ አንድ ጎኑ የሚሰረጎድ ከሆነ የጎድን አጥንቱ በጉተታ ተሰብሯል። የጠባው በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነ ላንቃው ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱበት።

ለጊደር ስታስዳቅሉ ከትልቅ ኮርማ የተወሰደ ዘር አትቀበሉ፤ አዳቃዩን «ጥጃው ቀላል የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁት። ስትጎትቱ ከሁለት ሰው አይብለጥ፣ እሷ ስታምጥ ብቻ ይሁን። የውሃው ከረጢት ታይቶ ሁለት ሰዓት እስኪያልፍ ጥጃው ካልመጣ ገመድ ከመፈለግ በፊት ስልክ ደውሉ።