ሁለት የቴራኸርዝ ሪዞኔተሮች ሲጠጋጉ ካፕሊንጉን እንዴት ታዩታላችሁ

ሪዞኔተር በራሱ ፍሪኩዌንሲ የሚወዛወዝ ነገር ነው፣ ቴራኸርዝ ደግሞ በሰከንድ ትሪሊዮን ጊዜ መወዛወዝ ማለት ነው። ሲሙሌሽኑን (ሞገዱን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም) ከመክፈታችሁ በፊት ገመድ ፈልጉ። እኔ ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርኩና (ደጅ አትሞክሩት፣ የኛ ከተማ ንፋስ ያበላሸዋል) አንድ አንድ ሜትር በሆነ ክር ሁለት እኩል ድንጋይ አንጠለጠልኩ። አንዱን ብቻ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጋችሁ ስትለቁት እየደከመ ይሄድና ያልነካችሁት ድንጋይ መወዛወዝ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ቀጥ ሲል ሁለተኛው ጉልበቱን ወስዶታል፣ ከዛ ደግሞ ይመልስለታል። ካፕሊንግ ማለት በቃ ይሄ ነው። አሁን ሁለቱንም እኩል ስባችሁ እኩል ልቀቋቸው። መቀባበል የለም፣ አብረው ነው የሚሄዱት። ይቺን ሁለተኛዋን ሙከራ ያዙልኝ።

የሜታማቴሪያል (ከሞገዱ ርዝመት ያነሱ ቅርጾች ተደጋግመው የተደረደሩበት ሰው ሰራሽ ቁስ) ሪዞኔተር ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ነው፣ ዙሪያው እንደ ኢንዳክተር (ጉልበትን በማግኔት ፊልድ የሚይዝ)፣ ክፍተቱ እንደ ካፓሲተር (በኤሌክትሪክ ፊልድ የሚይዝ) ይሰራል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ስሩ። ጎኑን 36 ማይክሮን፣ የመስመሩን ውፍረት 4፣ ክፍተቱን 2 አድርጋችሁ ጋሊየም አርሰናይድ (ሴሚኮንዳክተር ነው) ላይ ብታስቀምጡትና ኤሌክትሪክ ፊልዱ ክፍተቱን እንዲያቋርጥ ብታደርጉ 0.5 ቴራኸርዝ አካባቢ ትራንስሚሽኑ (አልፎ የሚሄደው የሞገድ መጠን) ቁልቁል ይወርዳል፣ ግራፉ ላይ ጉድጓድ ይሆናል።

ከዛ ሁለተኛውን ጎኑ አስጠጉ። እዚህ ጋ ነው እኔ ስንት ሌሊት የፈጀሁት፣ ሁለቱን ቀለበት አንድ አይነት አድርጌ በአንድ አቅጣጫ አቁሜ ሁለት ጉድጓድ ስፈልግ አንድ ብቻ ትንሽ ቦታዋን ለቃ ትመጣለች፣ ሜሽ (ሲሙሌሽኑ የሚያሰላበትን ፍርግርግ) አጠብቃለሁ ምናምን፣ ለካ ሞገዱ ሁለቱንም እኩል ነው የሚገፋቸው፣ ልክ እንደ ድንጋዮቹ፣ ስለዚህ ተቃራኒው ሞድ (አንዱ ሲሄድ ሌላው የሚመለስበት አወዛወዝ) ጭራሽ አይነቃም! መፍትሄው ሁለተኛውን ቀለበት 90 ዲግሪ ማዞር ነው፣ ያኔ ሞገዱ በቀጥታ አያነቃውም፣ ጉልበት የሚያገኘው ከጎረቤቱ ብቻ ነው፣ ጉድጓዱም መሀሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

ልኬቱ ቀላል ነው። የሁለቱን ጉድጓዶች ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ልዩነት ለስኩዌሮቹ ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ 0.48 እና 0.52 ቴራኸርዝ ካገኛችሁ ካፕሊንጉ 0.08 ገደማ ነው።

በቀለበቶቹ መሀል ያለውን ርቀት 2፣ 5፣ 10 ማይክሮን እያላችሁ ስትጨምሩ ሴሉን (ጥንዱን የያዘውንና የሚደጋገመውን ክፍል) 120 ማይክሮን ላይ ቆልፉት፣ አብሮ ከተቀየረ የጎረቤት ሴል ካፕሊንግ ይገባባችኋል። ሴሉን ከ160 በላይም አታድርጉት፣ 0.5 ቴራኸርዝ ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 167 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ዲፍራክሽን (ሞገዱ ወደ ጎን መበታተኑ) ይመጣል። ርቀቱ ሲሰፋ ጉድጓዶቹ እየተቀራረቡ አንድ ካልሆኑ የክፍተቶቹን አቅጣጫ እዩ፣ የኤሌክትሪኩና የማግኔቱ ካፕሊንግ እንደ አቀማመጣቸው ይደጋገፋሉ ወይ ይጠፋፋሉ።