በአንድ ክርና በአንድ ዳዶ የስበትን አክስለሬሽን እንዴት እንለካለን?

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ቤተ ሙከራ ሲገባ ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ክብደት) የስበትን አክስለሬሽን፣ ማለትም በስበት የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን፣ «ጂ»ን መለካት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የክሩን ርዝመት ለጂ አካፍለን፣ ስኩዌር ሩቱን በ2 ፓይ ስናባዛ የአንድ ሙሉ ምልልስ ጊዜ እናገኛለን። አስቸጋሪው የሚታመን ቁጥር ይዞ መውጣቱ ነው።

የሚያስፈልጉት ጠንካራ የጫማ መስፊያ ክር፣ ከበድ ያለ ዳዶ፣ ሜትርና የስልክ ሰዓት ናቸው። ሲባጎ ስለሚለጠጥና ስለሚጠማዘዝ አልመክረውም። ክሩን ምስማር ላይ ማሰርም ጥሩ አይደለም፤ ዳዶው ሲወዛወዝ ቋጠሮው ስለሚንሸራተት ርዝመቱ ይቀያየራል። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አጥብቆ መያዝ ይሻላል። ርዝመቱ የሚለካው ዳዶው ከተንጠለጠለ በኋላ፣ ከእንጨቶቹ የታችኛው ጠርዝ እስከ ዳዶው መካከል ነው።

ቀጥሎ ዳዶውን በትንሹ ወደ ጎን ስበን ሳንገፋ እንለቀዋለን። ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ስለሆነ፣ ክሩ 1 ሜትር ከሆነ ከ9 ሳንቲሜትር በላይ አለመሳብ ይበጃል፤ ይህም 5 ዲግሪ ያህል ነው። በ10 ዲግሪ ብንለቀው የምናገኘው ጂ ወደ 0.4 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። ዳዶው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአፍታ የቆመ ስለሚመስል፣ የዞረበትን ቅጽበት ዓይናችን በትክክል አይለየውም። በዝቅተኛው ነጥብ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚያልፍ ቅጽበቱ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ወረቀት አንጥፈን መስመር እናሰምርና ሰዓቱን ዳዶው መስመሩን ሲያቋርጥ እናስነሳለን። ሰዓቱን ስናስነሳ የምንለው «ዜሮ» ነው እንጂ «አንድ» አይደለም። ዳዶው መስመሩን በዚያው አቅጣጫ እንደገና ሲያቋርጥ ነው «አንድ» የሚባለው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ «አንድ» ብዬ ጀምሬ 20 ላይ አቆምኩ፤ በእርግጥ የለካሁት 19 ምልልስ ነበር፤ ጂም ወደ 9.8 መሆን ሲገባው 10.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ሆነብኝ። ሙሉ ከሰዓት ክሩን ስለካና ስቀይር ዋልኩ፣ ክሩ ግን ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ሰዓቱን የሚጫነው እጃችን 0.2 ሰከንድ ያህል ሊሳሳት ስለሚችልም ከ20 ይልቅ 50 ምልልስ መቁጠር ይሻላል፤ ስህተቱ ለ50 ይካፈላልና።

ይህንን ከ40 ሳንቲሜትር እስከ 1.20 ሜትር ባሉ አምስት ወይም ስድስት ርዝመቶች እንደግማለን። ከዚያ የአንዱን ምልልስ ጊዜ ስኩዌር በቋሚው፣ ርዝመቱን በአግድሙ ዘንግ አድርገን ግራፍ እንሠራለን። 4 ፓይ ስኩዌርን ለመስመሩ ስሎፕ (የመስመሩ የማዘንበል መጠን) ስናካፍል ጂ ይገኛል። መስመሩ ዜሮን ካላቋረጠ በግድ በዜሮ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አትሳሉት። የዳዶውን መካከል አሳስተን ሁሉንም ርዝመት በእኩል መጠን ብናሳጥር መስመሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ስሎፑ አይለወጥም። ግራፉን ከአንድ ነጠላ ልኬት አብልጬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

በስተመጨረሻም አዲስ አበባ ላይ የለካ ተማሪ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደውን 9.81 ባለማግኘቱ መደንገጥ የለበትም። እኔ በሁለተኛው ሙከራ 9.76 አግኝቼ፣ ተሳስቻለሁ በሚል ፍርሃት ሁለት ንባቦችን ለውጬ 9.81 አድርጌ አስረከብኩ፤ እስካሁን የሚጸጽተኝ ይህ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. መለኪያ ሆኖ የተወሰነው 9.80665 ወደ 45 ዲግሪ ኬክሮስ፣ በባሕር ወለል ላይ ካለው ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ነው። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ከመሆኗም በላይ ስለምትሽከረከር፣ ከፍታውም ስለሚጨመርበት፣ እዚህ ጂ በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ በ1672 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ በደቡብ አሜሪካ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ይዞት የሄደው የፔንዱለም ሰዓት በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀርበት ያየው ይህንኑ ልዩነት ነበር። ስለዚህ በሪፖርታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ከነስህተቱ መጠን ጻፉ፤ የምታነጻጽሩትም ለለካችሁበት ቦታ ከሚጠበቀው ዋጋ ጋር ይሁን።