ለቁርጥማት አኩፓንቸር ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። የመንዝና የአንኮበር ብርድም የታወቀ ነው። ታዲያ ጉልበት ሲቆረጥም «ብርድ ገብቶብኝ ነው» ይባልና ይታለፋል። ሲብስ ደግሞ በቀጥታ አኩፓንቸር ፍለጋ ይኬዳል፤ ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየሰኩ ሕመም ለማስታገስ የሚሞከርበት የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው።

ሕመሙን ሳያውቁ መጀመር። ሲራመዱ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል የጉልበት ሕመም ብዙ ጊዜ ከመገጣጠሚያ መሳሳት ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ጣቶችዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉና ሁለቱም እጆች ካበጡ ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ይችላል። ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣትን የሚያነድ ሪህም አለ። ጥሬ ወተት በሚጠጣበት ቤት ደግሞ ትኩሳትና ላብ ያለው ቁርጥማት ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚታከመው በአንቲባዮቲክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። አንዱ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለዎት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

መድኃኒት ማቋረጥ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት የተባለውን በሽታውን የሚገታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ መርፌው ሲያስታግስዎ «ዳንኩ» ብለው ክኒኑን እንዳይተዉ። አኩፓንቸር ስሜቱን ሊያቀልልዎ ይችላል፤ በሽታው መገጣጠሚያውን መብላቱን ግን አያቆምም። ሕመሙ ቀንሶ ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ይችላል። ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎችም በአንዴ ማቆም የለባቸውም፤ አደገኛ ነው።

በአንድ ቀን መዳን መጠበቅ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ለጉልበት፣ ለዳሌና ለእጅ መገጣጠሚያ መሳሳት ሊሞከር ይችላል ብሏል፤ ምክሩ ግን ጠንካራ አይደለም። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 ጭራሽ አይሰጥ ብሏል። መሞከር ለሚፈልግ ሰው እኔ አልከለክልም። ግን ሕክምናው በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለተከታታይ ሳምንታት ነው። አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ መንገዱ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሐል ሜዳ ደግሞ የባሰ ይርቃል። ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ የዋለ ጉልበት እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃላችሁ። ምልልሱን ካልቻሉት የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይልመዱ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማቆየት ለጉልበት በጣም ይጠቅማል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

መርፌውን አለማየት። ከታሸገ ፓኬት ዓይንዎ እያየ ይከፈት። አንዴ ከተጠቀሙበት በኋላ ይጣላል። ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ በመርፌ ይተላለፋሉ። ዋገምት ሲያደርጉም ምላጩን እንዲሁ ይጠይቁ።

በባዶ ሆድ መሄድ። መርፌ ሲወጋ ራሱን የሚስት ሰው አለ፤ ባዶ ሆድ ደግሞ ያባብሰዋል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ከተመገቡ በኋላ ያድርጉት። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ መርፌው ከመነካቱ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ።