የገደል ፎቶግራፍ አነሳስ፦ ከግቤ ሸለቆ እስከ ባሕር ማዶ አፋፎች

ገደል በፎቶ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ጥልቀቱ ነው። አፋፉ ላይ ሲቆሙ ጉልበት የሚያርደው ቦታ ፎቶው ላይ ተራ ተዳፋት መስሎ ይቀራል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንደኛው ብርሃኑ አለቱን ፊት ለፊት መትቶ ጥላውን ሁሉ ማጥፋቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በፎቶው ውስጥ ለዓይን መለኪያ የሚሆን ነገር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከጅማ ተነስቶ ወደ ግቤ ሸለቆም ሆነ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ዕድል ከቀናውም ወደ አየርላንድ ወይም ወደ ኖርዌይ የሚጓዝ ፎቶ አንሺ ስለ ሌንስ ከማሰቡ በፊት ገደሉ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ማወቅ ይኖርበታል።

ይህን ለማወቅ የስልክ ኮምፓስና የሳተላይት ካርታ ይበቃሉ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ገደል የጠዋት፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ነው። ሆኖም ፀሐይ በቀጥታ የምትመታውን ሰዓት መምረጥ አይበቃም፤ የሚፈለገው ብርሃኑ በአለቱ ገጽ ላይ ከጎን ሸርተት ብሎ የሚያልፍበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ እርከንና እያንዳንዱ ጎድጓዳ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ ጥልቀት የሚታየውም በእነዚህ ጥላዎች ነው።

ለጅማ ሰው ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እንውሰድ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰኮሩን አልፎ ወደ ግቤ ወንዝ ሲወረድ፣ በአበልቲ በኩል ያለው የሸለቆው ግድግዳ በጠቅላላው ወደ ምሥራቅ፣ በወልቂጤ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ጅማ አድሮ በማለዳ የሚነሳ ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ የጠዋቱ ብርሃን አልፎበታል። የተሻለው ዘዴ ረፋድ ላይ ከጅማ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የወልቂጤውን በኩል ማንሳት፣ ሰኮሩ ወይም ወልቂጤ ማደር፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የአበልቲውን ግድግዳ መጠበቅ ነው። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ፊቶች በየተገቢ ሰዓታቸው ለማግኘት ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

የእኛ አገር ፀሐይ የምትጠይቀው ጥንቃቄ አለ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀጥ ብላ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች። ደቡብ ኖርዌይ ውስጥ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት የምትወጣው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ኖርዌይ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ወርቃማ ብርሃን እኛ ጋ ቶሎ ያልቃል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ በኋላ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) መትከል የጀመረ ሰው ዘግይቷል። ከሩቅ አገር ፎቶ አንሺዎች የሚሰጠው «ሳይቸኩሉ ይሥሩ» የሚል ምክር ለእነሱ ሰማይ ትክክል ነው፤ እዚህ ግን ቦታው፣ ማዕዘኑና የካሜራው አቀማመጥ ከዋዜማው ምሽት ተወስነው ማደር አለባቸው።

የወቅቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትወጣለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ደግሞ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው። ይህ በተግባር ምን እንደሚያመጣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ያሳያል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርዱ ገደሎች አሉት፤ ዋናው ግድግዳም ወደ ሰሜን ይመለከታል። ጎብኚ በሚበዛበት በኅዳርና በታኅሣሥ ያ ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አያገኝም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ካሜራውን ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ወደተዘረጉት ተረተሮች ማዞር ይሻላል፤ የተረተሮቹ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ጎኖች ጠዋትና ማታ ብርሃን ሲያገኙ ከኋላቸው ያለው ጥላ የጨለማ መጋረጃ ይሆንላቸዋል።

ረጅም ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ልምምዱን ጅማ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ድንጋይ የሚፈለጥባቸው ካባዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ባለቤቱን ወይም ሠራተኞቹን አስፈቅደው፣ ከተቆረጠው ፊት ራቅ ብለው ይቁሙና ያንኑ አንድ ፊት ማለዳ፣ እኩለ ቀን እና ማታ ያንሱት። እኩለ ቀን ላይ አመድማ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትነካው የመዶሻው ምት ያረፈበት ጠባሳ፣ ውኃ ያወረደው ቀይ የአፈር መስመር፣ በስንጥቁ ውስጥ የበቀለው የድንጋይ ሽበት ሳይቀር አንድ በአንድ ይለያል። ጉምን ለመለማመድ ደግሞ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት የጅሬን ኮረብታ ይመረጣል፤ ከዝናብ ማግስት ማለዳ ከተማው ላይ የሚተኛው ጉም የቅርቡን ዛፍ ከሩቁ ኮረብታ እንዴት እንደሚለይ እዚያ ቆሞ ማጥናት ይቻላል። ሸለቆ ውስጥም ጉም የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ስለ መቆሚያ ቦታ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ከአፋፉ ጫፍ ወደ ታች የሚነሳ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ገደሉን አያሳይም፤ የሚያሳየው ሸለቆውን ነው። ገደሉ ራሱ የሚታየው አፋፉ ታጥፎ ከሚመለስበት ቦታ፣ ከማዶ ወይም ከጎን ሲሆን፣ በዚያ ሲቆሙ የግድግዳው ቁመት ከራሱ እስከ እግሩ በአንድ ክፈፍ ውስጥ ይገባል። ይህ ደግሞ ለሕይወትም የሚሻል ቦታ ነው።

መለኪያ የሚሆነውን ነገር ከቦታው ይፈልጉ፤ ጎጆ፣ በአፋፉ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ፣ የከብት መንጋ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ተራሮች ሌሊቱን ገደል ላይ የሚያድሩት ጭላዳዎች ጠዋት ሣር ለመጋጥ ሲወጡ ለዚህ ይመቻሉ። መለኪያው ከግድግዳው ጋር ተቀራራቢ ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ከካሜራው አጠገብ የቆመ ሰው ገደሉን ያሳንሰዋል። በዚህ ምክንያት ሰፊ ቦታ የሚያሳየውን ዋይድ ሌንስ ብቻ ይዞ መሄድን አልመክርም። ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለው ዙም ሌንስ ከሩቅ ሲያነሳ ሰውየውንና ከኋላው ያለውን አለት በትክክለኛ ምጣኔያቸው ያስቀምጣቸዋል።

የአለቱ ቀለም የካሜራውን የብርሃን ልኬት ያስታል። ካሜራ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት ስለሚሞክር፣ የሰሜን ተራሮችን ጥቁር ባዛልት ከሚገባው በላይ ያነጣዋል፤ የእንግሊዝ ዶቨርን ወይም የፈረንሳይ ኤትረታን ነጭ የኖራ ገደል ደግሞ ያጠቁረዋል። ለጥቁሩ አለት ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ፣ ለነጩ በዚያው ልክ መጨመርና ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እያዩ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። እንደ ገርዓልታ ባለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ደግሞ አውቶማቲኩ የቀለም ሚዛን የማታውን ቅላት ሊያጠፋው ስለሚችል፣ በ«ፀሐይ» ላይ አስተካክሎ መተው ይሻላል።

የሰማዩ ጥቁረትም የአለቱን ግርማ ይወስናል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1927 እ.ኤ.አ. በዮሰሚቲ የሃፍ ዶምን ግድግዳ በጥቁርና ነጭ ሲያነሳ መጀመሪያ በቢጫ ፊልተር (ሌንሱ ላይ በሚገጠም ባለቀለም ማጣሪያ) ሞክሮ ነበር፤ ሰማዩ የልቡን ያህል እንደማይጠቁርለት ተረድቶ በፊልም ፋንታ ከያዛቸው የመስታወት ሰሌዳዎች በቀረችው የመጨረሻዋ ላይ ቀዩን ፊልተር ተጠቀመ። ቀይ ፊልተር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚከለክል ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠጋ፤ በፀሐይ የተነካው አለትም ደምቆ ወጣ። ዛሬ ባለቀለሙን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀይሩ ሰማያዊውን ዝቅ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ይቻላል። ለባለቀለም ፎቶ ፖላራይዘር (ነጸብራቅን የሚቀንስ ፊልተር) ይረዳል፤ ይበልጥ የሚሠራው ካሜራው ከፀሐይ አቅጣጫ 90 ዲግሪ ሲዞር ነው፤ ከዝናብ በኋላም የእርጥብ አለትን ብልጭታ ይቀንሳል።

ከካሜራው ማስተካከያዎች ውስጥ ትኩረት የሚሻው የፎከሱ ነው። በሙሉ ክፈፍ ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልምን ያህል በሆነ) 24 ሚሊሜትር ሌንስ የቀዳዳውን ጥበት በኤፍ 11 ላይ አድርገው ወደ 2 ሜትር ቢያፎክሱ፣ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ አድማስ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከእግርዎ ሥር ያለው ሣርና ማዶ ያለው ግድግዳ አብረው የሚፈለጉ ከሆነ ይህ ይበቃል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ላይ ይሁን። ነፋስ ካለ ትራይፖዱን ዝቅ አድርገው ቦርሳዎን ያንጠልጥሉበት። ሰማዩና ጥላው እጅግ ከተራራቁ ሁለት ስቶፕ እየለያዩ ሦስት ፎቶዎች አንስተው በኋላ ያዋህዷቸው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ብርሃን ያረፈበትን አለት በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን በጥቂቱ ዝቅ ያድርግ፤ ሩቁን ለማቅረብ በሁለት ጣት ከመለጠጥ ይልቅም ስልኩ ካለው የራሱን የዙም ሌንስ ይጠቀም።

አየሩን በተመለከተ፣ በጥርና በየካቲት የአቧራና የሣር ቃጠሎ ጭስ ሸለቆውን ስለሚያደበዝዘው የሩቅ ፎቶ ይከብዳል። እኔ የምመርጠው ዝናቡ ገና ያላለቀበትን የመስከረምን መጨረሻና የጥቅምትን መጀመሪያ ነው፤ አየሩ ታጥቧል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ ደመናውም ጥላውን በሸለቆው ላይ እያንቀሳቀሰ አለቱን ክፍል በክፍል ያበራዋል።

ነገር ግን ያው የዝናብ ወቅት አፋፉን ያላላዋል። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ የመሬት ስንጥቅ ካዩ ከስንጥቁ ወዲህ ይቁሙ፤ የኖራ ገደሎች ደግሞ በበጋም ቢሆን ሳይታሰብ ስለሚናዱ ከጫፋቸውም ከሥራቸውም መራቅ ይገባል። የትኛው አፋፍ እንደሚከዳ ከካርታ ይልቅ የአካባቢው ሰው ያውቃል። በሰኮሩ በኩል እርሻው አፋፉ ላይ የደረሰ አዛውንት ሲያገኙ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ መቆም ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሰዎችንና ከብቶቻቸውንም ሲያስፈቅዱ ብቻ ያንሱ። ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድልድይና ግድብም ካሜራ ከመደገኑ በፊት ጥበቃዎቹን መጠየቅ የሚገባባቸው ናቸው።

ባሕር ማዶ የሚሄዱ ከሆነም ሥራው ያው ነው። የአየርላንዱ ሞኸር ገደል ከፍ ባለው ቦታው 214 ሜትር ሲሆን ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የማታ ነው፤ የውቅያኖሱ ነፋስ ጨዋማ ርጭት ስለሚያመጣ ሌንስ መጥረጊያ በብዛት ይያዙ። ኤትረታ ላይ ከገደሉ ሥር በባሕሩ ዳር ከመሄድዎ በፊት ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት ይወቁ፤ መመለሻ መንገድ ይዘጋልና። ከሊሰ ፊዮርድ በላይ 604 ሜትር ከፍ ያለውን የኖርዌዩን ፕሬከስቶለን ለማንሳት ደግሞ ጠፍጣፋው አናት ላይ ከመሰለፍ ይልቅ ከጎኑ ከፍ ወዳለው አለት ይውጡ፤ አናቱ ላይ የቆሙት ሰዎች ከዚያ ሲታዩ መለኪያ ይሆናሉ።

ፎቶውን ሲያስቀምጡ ከሥሩ የቦታውን ስም፣ ገደሉ የሚያይበትን አቅጣጫ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። በሌላ ወቅት ወደዚያው ቦታ ሲመለሱ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ከማስታወሻው ማስላት ይቻላል።