የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለውን ልጅ በልዩ ትምህርት ቤት እንዴት ማስተማር ይቻላል?

በአዲስ አበባ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ ወይም በልደታ አካባቢ የሚኖር ወላጅ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለውን ልጁን ይዞ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «መቼ ነው ማንበብ የሚችለው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሁለተኛ ነው። ልጁ ነገ ጠዋት በቤቱና በሰፈሩ ያለ ሰው እርዳታ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ምንድን ነው የሚለው ይቀድማል፤ ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድም ከዚህ የሚነሣ ነው።

ከምዝገባው በፊት የጤና ምርመራው ይጠናቀቅ። ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ቃሉ ስላልገባው ሳይሆን ድምፁን ስላልሰማ ሊሆን ስለሚችል ጆሮውና ዓይኑ አስቀድመው መታየት አለባቸው። ከአእምሮ እድገት ውስንነት መንስኤዎች አንዱ የሆነው ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስም በእነርሱ ላይ ይበዛል፤ ይህም ካልታከመ ልጁን ያደክመዋል፣ ትምህርቱንም ያጓትተዋል። በከተማዋ መሀል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አለ። ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበት የመድኃኒቱ ስምና የሚወሰድበት ሰዓት ለመምህሩ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ልጃቸውን ጸበል የሚያስጠምቁ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ልጁ ክፍል ውስጥ ከወደቀ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት፣ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ በየሰፈሩ እንደሚደረገው ክብሪት ጭሮ ማሸተት አይረዳውም።

ቀጥሎ ያለው ምዝገባ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የትምህርትን መብት የሚደነግግ በመሆኑ፣ «እንዲህ ዓይነት ልጅ አንቀበልም» የሚል መልስ የመጨረሻ ቃል ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። ስምምነቱ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ መማርን ስለሚያስቀድም፣ እኔም ብሆን ራሱን ከቻለ ልዩ ትምህርት ቤት ይልቅ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ቢገኝ እመርጣለሁ፤ የእረፍት ሰዓቱ ጨዋታ ራሱ ትምህርት ነውና። ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ የግድግዳውን ሥዕል ትተው አንድ መምህር ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ ረዳት መኖሩን፣ ልጆቹን መጸዳጃ ቤት ማን እንደሚወስዳቸው ይጠይቁ።

መስከረም ላይ መምህሩ ቶሎ ወደ ሰሌዳው ባይሄድ ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚወድ፣ ከምን እንደሚሸሽ የሚታይባቸው ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ መምህሩና ቤተሰቡ አብረው ተቀምጠው የግል የትምህርት ዕቅዱን ይጽፋሉ። በዕቅዱ ላይ ሦስት ወይም አራት ግብ ይበቃል። «ንጽሕናውን ይጠብቃል» ብሎ መጻፍ ለመመዘን አይመችም፤ «ከምግብ በፊት ሳይነገረው እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከአምስት ቀን በአራቱ» ቢባል ግን መድረሱና አለመድረሱ ይታወቃል።

የማስተማሩ ዋና ጥበብ ሥራውን መበታተን ነው። እኛ አንድ ሥራ የምንለው ነገር፣ ለምሳሌ እንጀራ መብላት፣ ለልጁ ብዙ ሥራ ነው፦ እንጀራውን በጣት መያዝ፣ መቁረስ፣ ወጡን መጠቅለል፣ ሳያፈሱ ማንሣት፣ አፍ ማድረስ። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ስለሚቀርብ መምህሩ በየቀኑ ሁለት የልምምድ ጊዜ አለው ማለት ነው። ትምህርቱን ከመጨረሻው እርምጃ መጀመር ይሻላል፤ መምህሩ ቆርሶና ጠቅልሎ በልጁ ጣቶች መሀል ያስይዘዋል፣ ልጁ ወደ አፉ ብቻ ያደርሳል። ይህን ሲለምድ ማንሣቱ፣ ቀጥሎም መጠቅለሉ ይጨመርለታል፤ ከሁሉ የሚከብደው መቁረሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ልጁ በየቀኑ ሥራውን የሚፈጽመው እርሱ ራሱ ይሆናል። እጁን የሚመራው ሰው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ይቁም፤ የሁለቱም እጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ እንቅስቃሴው ይቀላል። እዚህ ላይ ቤተሰብ በፍቅር የሚያበላሸው ነገር አለ፣ ጉርሻ። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሁሉ ሲያጎርሱት የኖረ ልጅ በአሥር ዓመቱም እጁን ወደ መሶቡ አይሰድም፤ ስለዚህ ጉርሻው ቢያንስ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ለበዓል ይቆይ።

እርዳታው ደረጃ በደረጃ ይቀነስ፦ መጀመሪያ እጅ በእጅ፣ ቀጥሎ በምልክት፣ ከዚያ በቃል፣ በመጨረሻም ዝም ብሎ መጠበቅ። መምህራን በጣም የሚቸገሩት በዚህ መጠበቅ ላይ ነው። ለልጁ ትእዛዙ ገብቶት እጁን እስኪያንቀሳቅስ 10 ሰከንድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ቃሉን ከደገሙበት ሐሳቡ ይቋረጥበትና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ፊደልን በተመለከተ 231 ቅርጾችን ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በዜማ ማስቆጠር ጆሮን ያስደስት እንደሆነ እንጂ ለእነዚህ ልጆች ብዙም አይረዳም። በራሱ ስም ይጀመር፤ ከስሙ ቀጥሎ በመጸዳጃ በር ላይ የሚያገኛቸው «ወንድ» እና «ሴት»፣ ከዚያም «አደጋ» እና «ቁም» ይምጡ። «ለ» እና «ሰ»ን፣ «ተ» እና «ቸ»ን የመሳሰሉ የሚቀራረቡ ቅርጾች በአንድ ሳምንት አብረው አይቅረቡ። ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ልጆች ብዙዎቹ ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ስለሚይዙ፣ ሙሉ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር በካርድ ማሳየት ጥሩ መነሻ ነው።

ልጁ ሲጮህ ወይም ሲማታ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከዚያ በፊት ምን ሆነ የሚለው ነው፤ መናገር ያቃተው ልጅ «ደከመኝ» ወይም «ጆሮዬን አመመኝ» የሚለው በዚያ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቁንጥጫና ኩርኩም ፍርሃትን ብቻ ያስተምሩታል። የዕለቱን ሥራ በሥዕል በተርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቀጥሎ የሚመጣውን ማሳየት ብዙውን ጩኸት ሳይጀመር ያስቀረዋል።

በመጨረሻ ትምህርቱ ከግቢው ይውጣ። በክፍል ውስጥ የተማረውን ውጭ ላይ በራሱ አያይዞ መጠቀም ለእነዚህ ልጆች ከባድ ስለሆነ፣ መንገድ መሻገር በመንገድ ላይ፣ ገንዘብም በሱቅ ይለመዳል። ቤተሰቡ በመልሶ ማልማት ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ከሄደ፣ ልጁ የለመደውን ታክሲና መውረጃ ሁሉ እንደ አዲስ ትምህርት መውሰድ እንዳለበት አይዘንጋ። ዳቦ መግዛትን ሲያስተምሩ ልጁ በዳቦው ዋጋ ልክ የተቆጠረ ብር ይያዝ፤ የመልስ ሂሳብ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ባለሱቁንም ቀደም ብለው ያነጋግሩት፦ ልጁን ስላወቀው ብቻ ገና ከበር ሲያየው ዳቦውን እንዳያቀብለው፣ «ዳቦ ስጠኝ» እስኪለው ወይም የዳቦውን ሥዕል እስኪያሳየው ድረስ እንዲጠብቀው፣ ከኋላ የተሰለፈ ሰው ቢቸኩል እንኳ።